የአባቴ ሁለት ጣሳዎች

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መምህርት ማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ወደ እህል መደብሬ መጣች። እጅጌዋ ላይ የጠመኔ አቧራ አለ። ባዶ ጣሳ፣ የለስላሳ ቆርኪ፣ የተቀደደ ካርቶን፣ የተረፈ ገመድ ካለኝ እንድሰጣት ጠየቀችኝ።

«ልጆቹ እየነኩ፣ እየሰፈሩ፣ ራሳቸው እየሞከሩ እንዲማሩ ነው ጋሼ» አለች። «አሁን የምናስተምረው ተማሪ ተኮር ነው።»

መካነ ሰላም ውስጥ ነጋዴን ቆሻሻውን ብቻ የሚለምን ሰው አይገኝምና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጣሳ ያለችው ግን አልጣመኝም።

«ጣሳው ለምንድን ነው?» አልኋት።

«ለልኬት። የጎደለውን ደግሞ ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጣሉ።»

እስቲ ካርቶን ልፈልግልሽ ብዬ ወደ መጋዘኑ ገባሁ። ካርቶኑ ከበሩ ሥር ነበር። እኔ ግን ብዙ ቆየሁ።

ስድስተኛ ክፍል ነበርሁ። በትምህርት ደካማ ነበርሁ ብል ራሴን ማሞገስ ይሆናል። የዚያን ጊዜ ትምህርት ማለት መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ እኛ በአንድ ድምፅ እንጮሃለን፣ ከዚያ ደወል ይደወላል። መጮሁን እችልበት ነበር። ሒሳብ ግን ለእኔ እዚያ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሚኖርና ወደ እኛ ወንበር ወርዶ የማያውቅ ነገር ነበር። አባቴ ይመር የእህል ነጋዴ ነው፤ ትምህርትን የሚያየው እንደ እንግዳ ነበር፤ ከመጣ ጥሩ፣ ካልመጣም ሰው አይሞትም። «ዓመቱ እስኪያልቅ እንየው» አለኝ፤ «ካልሆነ መጋዘኑ አለ።» እኔ መጋዘኑን አልወደውም ነበር። የነቀዝ ሽታው፣ ጨለማው፣ ቀኑን ሙሉ ጆንያ መስፋቱ ያስፈራኝ ነበር።

በዚያ ዓመት መምህር ሲሳይ የሚባል ከእኛ እምብዛም የማይበልጥ ቀጭን ልጅ ተመድቦ መጣ። ወንበሮቹን አዙሮ ፊት ለፊት አስቀመጠን። ቆርኪ በሽቦ ሰክተን ቆጠርን፤ ጭቃ እንደ ኳስ አድቦልቡለን አደረቅን፤ ከዱላና ከአሮጌ የጎማ ጫማ ሚዛን ሠራን። ከተማው ሳቀበት። «ይኼ መምህር ሰነፍ ነው፤ ልጆቹን እርስ በርስ እያስተማረ ደመወዝ ይበላል» ተባለ። እኔ ግን ሃያ አራት ቆርኪ ለስድስት ሰው ሳካፍል፣ ማካፈል የሚሉት ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ገባ። ለካ ደደብ አልነበርሁም፤ የምነካው ነገር ነበር ያጣሁት። ስሜ ክፍል ውስጥ በደግ መጠራት ጀመረ። መምህር ሲሳይ አንድ ቀን ገበያ ላይ አባቴን አግኝቶ፣ «አያ ይመር፣ ይህ ልጅ ከያዙለት ሩቅ ይሄዳል» አለው። አባቴ «ወዴት?» ብሎ ጠየቀው። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

ወሩ ታኅሣሥ ነበር። ባቄላና ገብስ ተወቅቶ ገበያ የሚወጣበት፣ ጠዋት ውርጩ ሜዳውን አንጥቶት የሚያድርበት፣ ወደ ወግዲ የሚወስደው መንገድ በአህያ ኮቴ አቧራ የሚሆንበት ጊዜ ነው። የሁላችንም ኪስ ውስጥ የባቄላ ቆሎ አለ፤ ክፍሉ ሁሉ እንደ ወፍጮ ይንኮሻኮሻል። መምህር ሲሳይ፣ «ነገ ስለ ይዘት እንማራለን። ከየቤታችሁ አንድ አንድ መስፈሪያ አምጡ» አለን።

አባቴ ሁለት ጣሳ ነበረው። ሁለቱም የአንድ ዓይነት ዘይት ጣሳዎች ናቸው፤ ዝገታቸው እንኳ ይመሳሰላል። በስተቀኝ ያለው ምስማር ላይ መግዣው፣ በስተግራው ላይ መሸጫው ይሰቀላል። ከልጅነቴ ጀምሮ መግዣ አምጣ ሲለኝ መግዣውን፣ መሸጫ ሲለኝ መሸጫውን እየሰጠሁት ነው ያደግሁት። ለምን ሁለት እንደሆኑ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሥራና የክት ልብስ እንዳለው ሁሉ ነጋዴም እንዲያ ያለው ይመስለኝ ነበር። ሌላው ልጅ አንድ ሲያመጣ እኔ ሁለት ባመጣ መምህሩ እንዴት ይደሰት! ሁለቱንም በጋቢዬ ሸፍኜ ወጣሁ።

ከወንዝ ያመጣነው አሸዋ መሬት ላይ ተቆልሏል። መምህር ሲሳይ የእኔን ጣሳዎች ጎን ለጎን አቆመና፣ «የቱ ይበልጥ ይይዛል?» አለ። ሁላችንም እኩል ናቸው አልን። «በአፋችሁ አይደለም፤ በእጃችሁ ንገሩኝ» አለ።

ከእኔ ጋር የምትሠራው ደብሬ የምትባል የገበሬ ልጅ ነበረች፤ እናቷ በየገበያው ባቄላ ለአባቴ የምትሸጥ። ደብሬ መግዣውን በአሸዋ ሞልታ ወደ መሸጫው ገለበጠችው። መሸጫው ሞላ፤ መግዣው ውስጥ አሸዋ ቀረ። ተሳስታ መስሏት ደገመችው። አሁንም ቀረ። እኔ ተቀበልኋትና ቆጠርሁ። አራት መግዣ፣ ልክ አምስት መሸጫ ሞላ። ሰው ሁሉ ገና አፉን ከፍቶ ሳለ እጄን አወጣሁ።

«መሸጫው ከመግዣው በአንድ አምስተኛ ያንሳል!»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። መምህሩ ግን ጎበዝ አላለኝም። ጣሳውን አንሥቶ ውስጡን ዳሰሰ። መሸጫው ከላዩ ሲያዩት አያስታውቅም እንጂ ከውስጥ ከፍ ብሎ ሌላ ቂጥ ተበይዶበታል።

«የእናቴን ባቄላ የምትሰፍሩት በየትኛው ነው?» አለች ደብሬ።

«በመግዣው ነዋ።»

«እኛ ዘር ስናጣ ከእናንተ የምንገዛውስ?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለቀረው ክፍል ከእኔ ቀድሞ ገብቶታል። መምህር ሲሳይ «ለዛሬ ይበቃል» ብሎ አሸዋውን አስጠረገን፤ ለእኔም በጆሮዬ፣ «በጓሮ በኩል ሂድ፤ ቶሎ ወደ ቦታቸው መልሳቸው» አለኝ። መለስኋቸው። ወሬን ግን ማን ይመልሳል?

በገበያው ቀን የደብሬ እናት ባቄላዋን በአህያ ጭና መጣች። በእጇ ለማመሳከሪያ የራሷን የሽሮ ጣሳ ይዛለች።

«አያ ይመር፣ እስቲ በሁለቱም ጣሳዎችዎ ይስፈሩልኝ» አለች።

«በሁለቱም ብሰፍረው ይበዛልሻል እንዴ?»

«ልጄ ይበዛል ትለኛለች። ወላሂ እኔ ምን አውቄ።»

ክርስቲያን ሆና በወላሂ ስትምል አባቴ ነገሩ እንደከረረ ገባው። ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች ዓይናቸውን ምስማሮቹ ላይ ወደተሰቀሉት ጣሳዎች ተክለዋል። «የሕፃን ጨዋታ ገበያ አይወጣም» ብሎ ሳቀ። ማንም አብሮት አልሳቀም። አንድ በአንድ አህዮቻቸውን አዙረው ወደ ማዶኛው ነጋዴ ሄዱ። የዚያ ሰው ጣሳ ከእኛው የባሰ እንደነበር በኋላ ደርሼበታለሁ፤ ግን ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ስላልነበረው ሐቀኛ ተብሎ ኖረ።

አባቴ አልመታኝም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። የወላጅ ኮሚቴውን ሰበሰበ፤ ከኮሚቴው የሚበዛው ነጋዴ ነው። በመምህሩ ላይ ማንም ክፉ አልተናገረም፤ እንዲያውም ትጋቱ ተመሰገነ። ከቤት ዕቃ ማስመጣት ግን ድሃውን ያሸማቅቃል ተባለ። እስካሁን የተሠራው ሚዛን፣ ቆርኪ፣ የጭቃ ኳስ «እንዳይበላሽ» አንድ ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ኪስ ገባ። እንግዳ ሲመጣ ተከፍቶ ይጎበኝ ነበር አሉ። መምህር ሲሳይም ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ።

ከመሄዱ በፊት እቤታችን መጣ። አባቴ ዳቦ አቀረበለት፤ ሳይቆርሰው ተናገረ።

«አያ ይመር፣ የእኔስ ይሁን። ልጁን ግን ከትምህርት አያስወጡት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ጥፋት ማን አለህ? እንደ አንተ ማን አስተማረው?» አለ አባቴ።

«እንግዲያስ ይማር።»

«አራት መግዣ አምስት መሸጫ እንደሚሆን ካወቀ፣ ለነጋዴ ከዚያ በላይ ምን ቀረው?»

መምህር ሲሳይ ወደ እኔ ዞረ። አንድ ቃል እንድናገር የጠበቀ ይመስለኛል። መማር እፈልጋለሁ ብል አባቴ ምናልባት ያፍር ነበር፤ እንግዳ ፊት ማፈር ስለማይወድም እሺ ይለኝ ነበር። እኔ ግን ገበያው የተበተነበትን አባቴን አየሁና አንገቴን ደፋሁ። በማግስቱ መጋዘን ገባሁ።

አባቴ ሲደክም፣ አሮጌው መሸጫ ዝጎ ተበሳ። ሴቶቹ ወደ እኛ ተመልሰዋል፤ ሰው እህሉን የትም ቢወስድ እንዲህ ያለ ጣሳ አያጣም። አዲስ ጣሳ ይዤ ቆርቆሮ ሠሪው ዘንድ ሄድሁ። «ቂጡን የት ላይ ልበይደው?» አለኝ። ምስማር ተቀብዬ ከውስጥ በኩል ጭረት አኖርሁለት። ሠርቶ ሲጨርስ በእህል ሰፈርነው፤ አራቱ ለአምስት፣ አንዲት ፍሬ አላጋደለም። ሰውየው ተደንቆ የት እንደተማርሁ ጠየቀኝ። «እዚሁ ከተማ፣ ስድስተኛ ክፍል» አልሁት። የዲጂታል ሚዛን እስኪመጣ ድረስ በዚያ ጣሳ ሠራሁ።

መምህርቷ ስትጠብቀኝ ቆይታ «ጋሼ፣ አጡት እንዴ?» ብላ ተጣራች። ካርቶኑን፣ ቆርኪውን፣ ገመዱን ከረጢቷ እስኪሞላ ሰጠኋት። ከሱቅ ሦስት አዲስ ጣሳ ገዝቼም ጨመርሁላት፤ «ልጆቹን ከቤት አምጡ አትበያቸው» አልኋት።

«ለምን?»

«የቤት ዕቃ ይጠፋል» አልሁ።

መርቃኝ ሄደች። ደግ ሽማግሌ መስያት ይሆናል። እውነቱን ብነግራትስ ምን ትሠራበታለች? ምናልባት እሷም እንደ መምህር ሲሳይ ወደ በረሃው ትወርድ ነበር፤ ምናልባት አንዲት ደብሬ እናቷን ታድን ነበር። ሁለተኛውን ፈርቼ ነው ወይስ የመጀመሪያውን፣ እስከ አሁን ራሴን ጠይቄ አልጨረስሁም። ልጅ በእጁ ሲማር አይረሳም ይላሉ፤ እውነት ነው። በጠመኔ ከተጻፈልኝ አንድ ቃል አላስታውስም። እጄ የተማረውን ግን ዛሬም ጨለማ ውስጥ ብትሰጡኝ አልስትም፤ ብረሳው በወደድሁ።