የተቆረጠው የፖስታ ጥግ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ የማር ጠርሙስ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፋ ስትልጥ፣ የራሰው ሙጫ ሸተተኝና ከክፍሉ ሸሽቼ ወጣሁ። ይህን ሽማግሌ ሙጫ ምን ያስፈራዋል አትበሉ፤ ሽማግሌው በልጅነቱም ፈሪ ነበር፣ ያውም ሌባ ፈሪ።

ሐይቅ ከተማ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ የቴምብር ክበብ ነበረን። አራት ነበርን፤ ትንሹ ስብስብ የእኔ፣ ትልቁ ጉራም የእኔ። ሕጋችን አንድ ነበር፦ ቴምብር ከፖስታ ላይ አይላጥም፣ የጠርዙ ጥርስ ይጎዳል፤ ከነወረቀቱ ይቆረጣል።

ጎረቤታችን የነበረች አንዲት እናት ልጇ ጅዳ ከገባ ወዲህ ሁለት ዓመት ድምፁ ጠፍቶባት ነበር። አንድ ቀን ደብዳቤው መጣ። ማንበብ ስለማትችል እኔ አነበብኩላት። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ "አንተው ዘንድ ይቀመጥ፤ እኔ ቤት አይጥ ይበላብኛል" ብላ ትታልኝ ሄደች። የእኔ ዓይን ግን ቴምብሩ ላይ ነበር፤ ሸራዋን የወጠረች ጀልባ። ዞር ከማለቷ ጥጉን በመቀስ ቆረጥኩት። በገበያው ቀን ከደሴ ለሚመጣው ቴምብር ነጋዴ ሰጥቼ በሦስት ሌሎች ቴምብሮች ለወጥኩት።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መጣች። "በል የኔ አባት፣ መልሱን ጻፍልኝ።"

ፖስታውን አወጣሁ። የላኪው አድራሻ የተጻፈው ከጀርባው፣ ልክ ከቴምብሩ ኋላ ነበር። በቀዳዳው ጣቴ ሾለከ፤ ዓይኗ ጣቴ ላይ ነበር።

"ነገ" አልኳት።

በማግስቱ ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ ነጋዴውን ፍለጋ ውጫሌ ገበያ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ቴምብሩን ይውሰዱት፤ ወረቀቱን ብቻ ይመልሱልኝ!"

"ምነው፣ ሙሽራ የተሰረቀበት መሰልክ!" ብሎ ሳቀ። "ሳይዘፈዘፍ ማን ይገዛኛል?" ሳህኑን አሳየኝ። ውሃው ጠቁሯል፤ ከሥሩ የተኙት ቁርጥራጮች ሁሉ ቀለማቸው ለቅቆ ባዶ ናቸው።

እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ስመለስ ደጃችን ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። "አላህ ያቆይልኝ፤ አንተ ባትኖር ዓይኔ ማን ነበር?" አለችኝ። ዱዓዋ ከእርግማን በላይ አስፈራኝ። ያለችውን ሁሉ ጻፍኩላት፤ ፖስታው ላይ ግን ከራሴ የፈጠርኩትን የፖስታ ሣጥን ቁጥር።

ከዚያ በኋላ ፖስታ የሚያመጣው የደሴው አውቶቡስ ጡሩምባ በነፋ ቁጥር ጓሮ እሸሸግ ጀመር። ልጁ ተቀይሞ ለዘላለም ዝም ቢልስ? እሷ በየቀኑ "ምን ዘገየ?" ትለኛለች፤ እኔ፣ ያ ጉረኛ፣ "ባሕሩ ሩቅ ነው" እላለሁ።

ክረምቱ አልፎ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። "እማዬ፣ ምነው ጨከንሽብኝ?" ይላል። አነበብኩላት። ፖስታው እሷ ጋ ነበር። አድራሻውን ልገለብጥ ፖስታውን ለመቀበል እጄን ስዘረጋ አልሰጠችኝም። ጥጉን በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ወደ ዓይኔ አስጠጋችልኝ።

"አብሽር፣ እኔ ልያዘው፤ አንተ ጻፍ" አለችኝ ቀስ ብላ።

እስክትሞት ድረስ ደብዳቤ ያስነበበችው እኔን ነበር። ፖስታውን ግን አንድም ቀን ከእጇ አውጥታ አታውቅም።