የሩፋኤል ዝናብና የአባቴ ቀኝ ዓይን

ባለፈው ጳጉሜን 3 ቀን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው አባቴ ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ ለማንም ሳይናገሩ ወጡ። ቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስተኛ ቀኑ ነበር። ውጭ ዝናብ ጀምሯል።

ሃያ ሁለት ዓመት በዘጋቢነት ሠርቻለሁ። የጠፋ ሰው ዜናም ብዙ ጽፌያለሁ። ይህን የማልረሳው አባቴ የጠፉት እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ የእርሳቸውን ጉዞ ሳቅድ ስለነበር ነው።

አባቴ ቡሬ ገጠር ሲያርሱ ኖረዋል። ጅብ ከበረት አባርረዋል፣ ዝንጀሮ ከበቆሎ ጠብቀዋል። አንበሳን ግን የሚያውቁት በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ብቻ ነው። ዓይናቸው ሳይጨልም በአካል ሊያዩት ይመኛሉ። እኔም አንድም የአራዊት ማቆያ ረግጬ አላውቅም። ስለዚህ በአዲሱ ዓመት ሦስት ማቆያዎች ልንጎበኝ ተስማማን፤ ሁለቱ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንዱ ከከተማዋ ወጣ ያለ። በየቦታው ትይዩ ወሩን ጻፍኩ። በየወሩ ትይዩ ደግሞ «መንገዱ ክፍት ከሆነ» ብዬ ጨመርኩ። ወሮቹን ሰረዝኩ፣ መልሼ ጻፍኳቸው።

የግራ ዓይናቸው በሕክምና እንደማይመለስ ተነግሮናል። የቀረን ቀኙ ነው። ቡሬ ላይ ሞራው ሲገፈፍ ነርሷ ዓይኑን በፕላስቲክ ክዳን ሸፍና «ውኃ ጠብ እንዳይልበት» ብላ ሦስት ጊዜ አስጠንቅቃናለች።

ከወረቀቱ ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ጋቢያቸውም የለም።

ዕለቱ የቅዱስ ሩፋኤል ነበር። በእኛ አገር የዚያን ቀን ዝናብ የተባረከ ነው ተብሎ ልጅ አዋቂው ወጥቶ ይታጠብበታል። ይህ ትዝ ሲለኝ የጫማዬን ክር ሳላስር ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያን የሉም። መናኸሪያ የሉም። ስልካቸው ላይ ስደውል ባለቤቴ አነሳችው፤ ትራሳቸው ሥር ትተውት ሄደዋል። አንድ ባጃጅ አቆምኩ።

«አንድ ዓይናቸው የተሸፈነ ሽማግሌ አላየህም?»

«ጋሼ፣ ዛሬ እኮ ሩፋኤል ነው። የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ውጭ ነው፤ የትኛውን ላምጣልዎት?» አለና ፊቴን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። «ይግቡ።»

ወደ ላህ ወንዝ በሚያወርደው መንገድ ዳር አገኘናቸው። ልጆች ይንጫጫሉ፣ ሴቶች ባልዲ ደቅነዋል። አባቴ መካከል ላይ ቆመው ፊታቸውን ለሰማይ ሰጥተዋል። አጠገባቸው ነጭ ኮፍያ ያደረጉ የማላውቃቸው ሰው ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተዋል። ጃንጥላው የሚከልለው የአባቴን ቀኝ ፊት ብቻ ነው። በግራ ጉንጫቸው ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላውን የያዙት ሰው ራሳቸው በስብሰዋል።

«ልጃቸው ነህ?» አሉኝ። «ና ተቀበለኝ፣ እጄ ዛለ።»

ሐጂ ሰይድ ይባላሉ፣ እህል ነጋዴ ናቸው። ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሲያልፉ ነው ያገኟቸው። «ይጠለሉ ብላቸው እምቢ አሉ። ትልቅ ሰው አይጎተት ነገር! ሩፋኤሉ የእርስዎ፣ ጃንጥላው የእኔ ብያቸው ቆምኩ።»

እኔ ደሜ ፈልቷል። «አባየ፣ ውኃ ጠብ እንዳይልበት አልተባለም?»

«የተከለከለው የቀኙ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «የግራውን ማን ከለከለኝ? ሐኪም የተወውን ለሩፋኤል ሰጠሁት። አንበሳ በአንድ ዓይን ይታያል እንዴ?»

ክዳኑን በጣቴ ነካሁት። የታችኛው ጠርዝ ረጥቧል። ውስጡ ይርጠብ አይርጠብ ማወቅ አልቻልኩም።

ነርሷ ጋ ደወልኩ። «እንዳትከፍቱት፣ ይዘሃቸው ና» አለች። የዚያን ቀን መንገዱ ተዘግቶ ወደ ቡሬ መኪና አልሄደም። በማግስቱም አልሄደም። ሁለቱን ቀን አንድ መስመር አልጻፍኩም። እቅዱን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፣ አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። በየሰዓቱ «ያመዎታል?» እላለሁ። «የሚያመኝ የአንተ መንቆራጠጥ ነው፤ ተቀመጥ» ይላሉ።

ጳጉሜን 5 መኪና ተገኘ። ነርሷ ክዳኑን ስታነሳ እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «ደረቅ ነው» አለች። እጇን ዘርግታ ስንት ጣት እንደሚያዩ ጠየቀቻቸው። «አምስት፤ አንዱ ቀለበት አለው» አሉ።

ኅዳር ላይ ከእቅዱ የመጀመሪያው ቦታ ደረስን። አንበሳው ከአጥሩ ማዶ ዛፍ ሥር ተኝቶ ነበር። አባቴ በመጀመሪያ ቀኝ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው በግራው አዩ። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ግራውን ሸፍነው በቀኙ አዩ።

ጎፈሩ ከሥዕሉ ይልቅ ጥቁር መሆኑን የነገሩኝ በቀኙ ሲያዩ ነው።