የእማዬ እጅና የግቢያችን ዋልካ

አባዬ መቃብር ቆፋሪ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ እኛ ቤት ግን እንደ ማንኛውም ሥራ ነው፣ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ወገቡን ይዞ ይመለሳል። ሃያ ሰባት ዓመት ቆፍሯል። ሰፈርተኛው «ሁለት ሜትር» ይለዋል። ቅጽል ስሙ የወጣው ከራሱ አፍ ነው። ሐዘንተኞች አንዳንዴ ክንዱን ይዘው «ጸድቆ ይሆን?» ብለው ይጠይቁታል፣ እሱም «እኔ የማውቀው እስከ ሁለት ሜትር ድረስ ነው» ይላል። ጨካኝ ሆኖ አይደለም፣ የማያውቀውን መናገር ስለማይወድ ነው።

እማዬ ደግሞ አንድ ሕግ አላት፤ ከመቃብር የመጣ ነገር የቤታችንን በር አያልፍም። ዶማና አካፋው እዚያው ያድራሉ። አባዬ ጫማውን ውጭ ያወልቃል፣ ሱሪውን አራግፎ ነው የሚገባው። አንድ ቀን እንኳ ተከራክሯት አያውቅም። እኔን የሚያስቀኝ አፈሩ አንድ መሆኑ ነው። መቃብሩና ሰፈራችን የአንድ ሜዳ ሁለት ጫፍ ናቸው፣ ውጭ የሚራገፈውም ውስጥ የሚረገጠውም ያው ጥቁር ዋልካ ነው። ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ዶማ ይመልሳል።

ጣጣው የመጣው በአያቴ የጽጌረዳ ተክል ነው። እማዬ ከእናቷ ግቢ አንዲት ቁራጭ ለመነች፣ አያቴም «ደግሞ በአንቺ እጅ ምን ይጸድቃል!» ብለው ከለከሏት። የአያቴ ምላስ ከጽጌረዳቸው እሾህ አይሻልም ነበር። እማዬ «ሁለተኛ ደጇን አልረግጥም» ብላ ተመለሰች። በአሥራ አንደኛው ቀን አያቴ በተኙበት ቀሩ። አልታረቁም።

አባዬ ብዙ ወንድ ስለ አማቱ በሆዱ የሚመኘውን በሥራ ሰዓት ፈጸመው። ቆፈረ፣ ቀበረ፣ ከዚያ አለቀሰ። እውነቱን ለመናገር ከሁላችንም በላይ ያለቀሰው እሱ ነው። እማዬ እንባ ሳይወጣት ቆማ ዋለች። ከዚያ ወዲያም መቃብሩ ጋ አልሄደችም። «ምን ብዬ ነው የምሄደው?» ትላለች። በዚያ ፈንታ ጽጌረዳ መትከል ጀመረች።

በአምስት ዓመት ስድስት ጽጌረዳ ገደለች። የመጀመሪያዋ ስትሞት ችግኝ ሻጩ «አፈርሽ ከባድ ስለሆነ ነው፣ አሸዋ ቀላቅዪበት» አላት። ቀላቀለች። አሸዋና ዋልካ በበጋው ተያይዘው ጡብ ሆኑ፣ ሁለተኛዋም እስከ አንገቷ ተገንብታ ደረቀች። ሻጩ አልተበገረም። «ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሪና ጥሩ አፈር ሙዪበት» አለ። ቆፈረች፣ ሞላች። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ባልዲ ሆነ፣ የሦስተኛዋ ሥር በሰበሰ። አባዬ ቆም ብሎ አየና «ዋልካ ውስጥ የተቆፈረ ሁሉ ውሃ ይይዛል። እኔም ቀድቼ ነው የምቀብረው» አለ። እማዬ «የዚያን ወሬ እዚያው!» ብላ አስቆመችው። ሦስቱ ደግሞ በየተራ በየምክንያታቸው ሄዱ።

እኛ አፈሩ ነው እንላለን። እሷ ግን አንዷ በጠወለገች ቁጥር የእናቷን ድምፅ ነው የምትሰማው። ስድስተኛዋ ስትሞት መኮትኮቻዋን ከበር ኋላ አስቀመጠችና «ግንበኛ ጥሩልኝ፣ ግቢው ሲሚንቶ ይፍሰስበት» አለች። በእርጋታ ነው ያለችው። እማዬ ስትጮህ ለምጄዋለሁ፤ ስትረጋ ግን ፈራሁ። ግንበኛው ሰኞ እንዲመጣ ተቀጠረ።

አባዬ ችግኝ ሻጩ የማያውቀውን ግን ያውቃል። ሐዘንተኛ ከችግኝ ቤት ያማረውን ገዝቶ መቃብር ላይ ይተክላል፣ አንድ ዓመት ውሃ ያጠጣል፣ ከዚያ ኑሮ ያሸንፈዋል። ከዚያ ወዲያ ተክሉ ለራሱ ነው። አባዬ ሃያ ሰባት ዓመት ያየው የትኛው እንደሚቀር ነው። የተገዛው ይሄዳል፤ የሚቀረው ሜዳው ራሱ ያበቀለው ነው፣ ሬቱ፣ ክትክታው፣ ቀጋው። ማንም አላጠጣቸውም፣ ማንም አልለመናቸውም፣ የዋልካውን ጠባይ ከእናት አባታቸው ያውቁታል።

እሑድ ከሰዓት አባዬ እርጥብ ጆንያ ተሸክሞ መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ሱሪውን አራገፈ፣ ጆንያውን ግን ይዞ ገባ። መኮትኮቻውን ከበር ኋላ አነሳ። ጉድጓድ አልቆፈረም። የላዩን አፈር አላላው፣ የበሰበሰ ቅጠል ቀላቀለበት፣ ከዚያ ወደ ላይ ቆለለው። ቁልሉ ሲያልቅ ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ሰባ ሳንቲም ሆነ። እጁ የለመደው ልክ ነው፣ ምን ያድርግ።

እማዬ ወጥታ አየችው። «ማን ሞተ?»

«ማንም። ውሃው እንዲሸሽ ነው።»

ከጆንያው ሥሩ ከነአፈሩ የተጠቀለለ እሾሃም ጭራሮ አወጣ። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችው።

«ቀጋ። የጽጌረዳ የሥጋ ዘመድ ነው፣ ያልተማረው ወገን።»

«ከየት አመጣኸው?»

«ከእናትሽ ዘንድ።»

እማዬ ከተሸጠው የአያቴ ግቢ ያመጣው መሰላት፣ ፊቷም ለዘብ አለ። እኔ ግን የገዙት ሰዎች ያንን ግቢ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲሚንቶ እንዳለበሱት አውቅ ነበር። አባዬን አየሁት። እሱ መኮትኮቻውን አየ።

«በይ አንቺ ትከይው» አላት።

«እኔ?» አለችና እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው። «ይሞትብኛል።»

«ከሞተ እኔ አለሁ፤ ሥራዬ ነው።»

ሳትወድ ሳቀች። ተንበርክካም ተከለችው። ግንበኛው «ትንሽ ቆይ» ተባለ።

ክረምቱ ገባ፣ ግቢው ኩሬ ሆነ፣ ቀጋው ቁልሉ ላይ ሆኖ ከላይ አየው። በጋው ገባ፣ ዋልካው እጅ እስኪያስገባ ድረስ ተሰነጠቀ። እማዬ በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ ተፈቀደላት፣ ከዚያ በላይ አባዬ ከለከላት፤ «አታባልጊው» አላት። ዓመት ሞልቶ አንድ ማለዳ አበበ። እማዬ የአንዱን አበባ ቅጠሎች ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። «አምስት ብቻ!» አለች። «ጽጌረዳ ሳትለብስ የወጣች ትመስላለች።» ከአጠገቧ ግን አልተነሳችም።

ከዚያ አንዱን ቅርንጫፍ ቆረጠችና ነጠላዋን አነሳች። «ላሳያት» አለች። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኳትም፣ ተከትያት ሄድኩ።

የአያቴ መቃብር ከራስጌ እስከ ግርጌ ነጭ ነበር። ያው ቀጋ፣ ያው አምስት ቅጠል። እማዬ መቃብሩን አየች፣ እጇ ላይ ያለውን አየች። ሁለት ረድፍ ራቅ ብሎ አባዬ እስከ ደረቱ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

«ከዚህ ነው ያመጣኸው?»

«ከዚሁ ነው። ወፍ ዘርቶት ነው የበቀለው። ሌላውን ስመነጥር እሱን እዘለው ነበር።»

የቤታችን ሕግ ተጥሷል፣ ዓመት ሙሉ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ጩኸቷን ጠበቅኩ። እሷ ግን ቀስ ብላ «ሰጠችህ?» አለችው።

አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱ ላይ ያለውን ረጅም ጠባሳ አሳያት። «ሰጥተውኛል። ግን ታውቂያቸው የለ? ቧጥጠው ነው።»

እማዬ ሳቀች፣ ሳቋም መንገድ ላይ ተቀየረ። ዋልካው ላይ ቁጭ ብላ የስድስት ዓመቱን አለቀሰች። አባዬ ከጉድጓዱ ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። አላባበላትም፤ ልቅሶ በስንት ሰዓት እንደሚያልቅ ከማንም በላይ ያውቃል።

ሲወጣላት ቀና ብላ «ጸድቃ ይሆን?» አለችው።

«እስከ ሁለት ሜትር» እስኪል ጠበቅኩ። አባዬ ግን በእጇ ያለውን አበባ አየ።

«ጸድቀዋል» አላት። «በአንቺ እጅ።»

ስንመለስ ዝናብ ዘንቦ ስለነበር ጫማችን በመቃብሩ ዋልካ ከብዷል። በራችን ላይ እኔ ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ እማዬ ጭቃዋን እንደያዘች አልፋኝ ገባች።