የስምንተኛዋ ስም

ሰኞ ጎህ ሳይቀድ ተነሱ ተባልን። ትእዛዙ አጭር ነበር። ከአዲ አርቃይ በላይ፣ መንገዱ በሚጠማዘዝበት ቦታ ያለውን ባለ ጽድ ጉብታ ይዘን የጣሊያንን ካሚዮኖች እስከ ስድስት ሰዓት ማዘግየት፣ ከዚያ በገደሉ ወርደን ከዋናው ጦር መቀላቀል። ሃያ ሦስት ነበርን። አለቃችን ደምሴ ነበር። ደምሴ ባሌ ነው። ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የዘመትኩትም በሟች ወንድሜ ምንሽር ነው። የሦስት ዓመት ልጃችንን የሺን ወገራ፣ የደምሴ እናት ዘንድ ትተናት ነበር።

ስለዚያ ጉብታ ሌሎች ብዙ ጊዜ አውርተዋል። እኔ ሃምሳ ዓመት እስኪሞላኝ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ። አሁን እኔ ልጻፍ።

በዋዜማው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ መጡ። አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበር መጻፍ አስተምሮኛል፤ ከመካከላችን ሌላ የሚጽፍ አልነበረም። እያንዳንዱ የክርስትና ስሙን በጆሮዬ ነገረኝ። በአገራችን ይህ ስም ለማንም አይነገርም፤ ድግምተኛ እጅ እንዳይገባ ይደበቃል። ሰው ሲሞት ግን ቄሱ ፍትሐት የሚያደርሱለት በዚሁ ስም ነው። ስለዚህ በአንዲት ወረቀት ላይ መዘገብኳቸው። በዕድሜ ሁላችንን የሚበልጠው አያ ውቤ፣ «እንዳትሳሳቺ። የሌላ ሰው ኃጢአት ይዤ እንዳልቆም፤ የራሴው ይበቃኛል» አለኝ። ሳቅን። ደምሴም የራሱን ነገረኝ። የእኔን የጠየቀኝ አልነበረም። ብጠየቅም አልናገርም ነበር። እናቴ ለማንም እንዳልነግር አደራ ብላኝ ነው የሞተችው፤ የክርስትና እናቴም ያጠመቁኝ ቄስም አልፈዋል። ስሜን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከጧቱ አንድ ሰዓት ላይ ካሚዮኖቹ ታዩ። ሁለት ሰዓት ሲሆን የፊተኛውን መታነው። መንገዱ ተዘጋ። ከታች መትረየስ ጠመዱብን። ከድንጋዩ ካብ ኋላ ተኛን። ሦስት ሰዓት ላይ ካሳ ወደቀ። አራት ሰዓት ላይ በግራ በኩል ዞረው መጡ፤ አምስት ሰው በአንድ ቦታ ቀረ። ገፍተን መለስናቸው። ከዚያ አንድ ሰው ደግሞ ወደቀ። ጥይት እያለቀ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ጭኔን ተመታሁ።

ደምሴ እየተሳበ መጣ። ቁስሉን አየ። ሁለት ሰው ቢይዘኝ እወርድ ነበር፤ በዚያው ቀን ሌላ ቁስለኛ በዚያው ገደል አውርደዋል። ሰው እስኪጠራ ጠበቅሁ። እሱ ምንሽሩን ከእጄ ወሰደ።

«ወረቀቱስ?» አለ።

ከጉያዬ አውጥቼ ሰጠሁት።

«የአንቺ አለበት?»

«የለበትም።»

«ማን ልበል?»

ገባኝ። በዚያ ሰዓት ሰው ፍትሐት እንዳይቀርበት ይፈራል። ነገርኩት። አንድ ጊዜ በከንፈሩ ደገመውና ሄደ። ከድንጋዩ ማዶ አያ ውቤ «ጥሩነሽስ?» ሲል ሰማሁ።

«አልቃለች» አለ ደምሴ።

በማግስቱ እንጨት ልትለቅም የወጣች ባልቴት አገኘችኝ። ክረምቱን በፍየል ጋጣዋ ደብቃ አስታመመችኝ። በጥቅምት እግሬን እየጎተትኩ ወገራ ስገባ ፍትሐቴ ደርሶ፣ አርባዬ ወጥቶ፣ ደምሴ ሌላ ሚስት አግብቶ ነበር። የሺ አላወቀችኝም። አዲሷን «እማ» ትላለች።

ለሽማግሌዎች አመለከትኩ። ደምሴ፣ «ስደርስ በድን ነበረች፤ ቃልም ትንፋሽም አልነበራትም» አለ። አንዱ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ደም የፈሰሰው ሰው ብዙ ነገር ይሰማል» አሉኝ። አያ ውቤ አንገቱን ደፍቶ ቀረ። ለቄሱ የተሰጠው ስም ትክክለኛው መሆኑን፣ እሱንም ደምሴ ከእኔ አፍ በቀር ከየትም ሊሰማው እንደማይችል ለማስረዳት ስሜን በአደባባይ ማውጣት ነበረብኝ። የቀረኝ ስሜ ብቻ ነበርና አላወጣሁትም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ደምሴ ደረቱ ላይ ሜዳይ አንጠለጠለ። እኔ ጎንደር ገብቼ ፒያሳ አጠገብ ልብስ መስፋት ያዝኩ። የስፌት ማኪናዬን እስከ ዛሬ በአንድ እግር ነው የምረግጠው።

የሺ አድጋ እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ተዳረች። ትጠይቀኛለች። «እትዬ ጥሩነሽ» ነው የምትለኝ። ቂሜን አትወደውም። «አባቴ ሞታለች ብሎ ነው። ምነው እስከ ዛሬ?» ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት በፍልሰታ ጾም ታመምኩ። ጸሎት ልታስይዝልኝ ፈልጋ የክርስትና ስሜን ጠየቀችኝ።

«አባትሽን ጠይቂው» አልኳት።

«እሱ ምን ያውቃል? ለእኔ እንኳ ያልነገርሽውን።»

«ጠይቂው ብያለሁ።»

«በሽታው ነገረኛ አደረገሽ» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ወገራ ሄዳ ሰኞ ተመለሰች። ነጠላዋን ሳታወርድ አልጋዬ ግርጌ ተቀመጠች።

«ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍል ነበር» አለች። «ጠየቅሁት። ቀና ሳይል ነገረኝ።»

ስሙን ጠራችው። ትክክል ነበር።

«ማን ነገረህ? አልኩት። ‹እሷው ራሷ ናታ፣ ጉብታው ላይ› አለኝ። ከዚያ ባቄላውን ተወው። አየኝ። እኔም ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ።»

ይቅርታ አልጠየቀችኝም። ያን ሳምንት ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ሲያለቅሱ ያደሩ ዓይኖቿን ሳይ፣ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን አውርጄ እሷ ላይ እንደጫንኩት አወቅሁ። ብድግ ብዬ ልመልሰው አልችልም። ብችልም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልመልሰውም።

ከጉብታው ያልወረዱት እነዚህ ናቸው። ወረቀቱ ከእጄ ቢወጣም ስማቸው ከአፌ አልጠፋም፤ ከእንግዲህም ድግምት አያገኛቸውም። ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ወልደ ገብርኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ተክለ ማርያም፣ ወልደ ኪዳን። ሰባት ናቸው። ደምሴ ለቄሱ የሰጠው ስምንት ነበር።

ስምንተኛውን እዚህ አልጽፈውም። የሺ ታውቀዋለች። ቀኑ ሲደርስ ለቄሱ የምትነግረው እሷ ናት።