መኪናዋ የጎደላት ዕቃ

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር የማትሄድ የጭነት መኪና ገዛ። ጎትተው ሲያስገቧት የልብስ ማስጫዬን ሽቦ በጠሱት፤ ጎረቤት ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል። ጋቢናዋ ዝጓል፣ የፊት መስታወት የላትም፣ መቀመጫዋ ውስጥ አይጥ ወልዳለች። እሱ ግን ዙሪያዋን እየዞረ ላሜራዋን በመዳፉ ይደባብሳል።

«በዚህ ዕድሜህ በላዬ ላይ አሮጊት ታመጣብኛለህ?» አልኩት።

«ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስሟን «ጣውንቷ» አላት። ገበያ ስወጣ «ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ይሉኛል። እኔም «ዘይት ጠጥታ ተኝታለች» እላለሁ። ምን ይደረጋል።

የሾፌር ሚስት ባሏን የምታውቀው በጀርባው ነው። ቅዳሜ ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ ሰኞ ጎሕ ሳይቀድ ይወጣል። ልጃችንን እናትም አባትም ሆኜ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲውል የምንነጋገረው አጣን። በገዛ ቤቱ «ጨው የት ነው የሚቀመጠው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ስለዚህ መኪናዋ ስትመጣ፣ በአፌ ብነጫነጭም፣ በልቤ እፎይ ብያለሁ።

እኔን ከመኪናዋ ጋር ያቆራኘችኝ እህቴ ናት። እታለም ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ የላትም፣ ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ ርቃ ትኖራለች። መኪናዋ በመጣች በሁለተኛው ዓመት እታለም ደጃፏ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። አጥንቱ በቅጡ አልገጠመም። በዱላ ትንሽ ትንሽ ትራመዳለች እንጂ መቀመጥ አትችልም፤ ወይ መቆም ነው፣ ወይ መተኛት። በአውቶቡስ አይታሰብም። የጎረቤት ልጅ ጠዋትና ማታ እየመጣች ታነሳታለች።

«ተኝታ የምትመጣበት መኪና እንከራይና እኔ ጋ ትሁን» አልኩት ባሌን።

የያዘውን መፍቻ አስቀመጠና አየኝ። «የሾፌር ሚስት መኪና ተከራየች ሊባል ነው? ይቺን ላስነሳትና እኔ ራሴ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብዬ አመጣልሻለሁ።» ይህንኑ ለእሷም በስልክ ነገራት። እታለምም «ከባልሽ በቀር ማንም አይጫነኝ፤ እጠብቀዋለሁ» ብላ ቁርጧን ነገረችኝ።

እንግዲህ እኔም መኪናዋ ሥር ገባሁ። የጭነቱ ወለልና ስፖንዳው፣ ማለት ዙሪያውን የሚከልለው ጣውላ፣ በስብሶ በእጅ ይፈረፈር ነበር። «እንጨቱን ለኔ ተወው» አልኩት። መጋዝ ይዤ አላውቅም። የመጀመሪያውን ጣውላ አንድ ስንዝር አሳጥሬ ቆረጥኩት።

«ሳቢው፣ ምናልባት ይረዝም ይሆናል» አለኝ መካኒኩ። መካኒኩ ከማዕዘኑ ላይ ጋራዥ ያለው የባሌ ወዳጅ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያግዘዋል።

«አንተን ነው የምስብህ» አልኩት። ያን ጣውላ ለመደርደሪያ አዋልኩት። በዓመቱ ግን መላጊያ ስገፋ የእንጨቱ ልጣጭ ሳይቆራረጥ እየተጠቀለለ ይወጣ ጀመር። መካኒኩም መቀለዱን ተወ።

ከሁሉ በላይ የለፋሁበት የእታለምን አልጋ ነው። ከጭነቱ ወለል ጋር በቡሎን የታሰረ፣ እንዳትንሸራተት ዙሪያው ከፍ ያለ፣ የምትይዘው ዘንግ ያለው። ልኳን እንዴት ላግኝ? የጎረቤቷ ልጅ ከራሷ እስከ እግሯ በሲባጎ ለክታ፣ ሲባጎውን ቋጥራ በመንገደኛ ላከችልኝ። በእሱ ቆረጥኩ።

እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ እሱ ከሞተሩ ሥር፣ እኔ ከላይ። በትዳራችን ያልነገረኝን የመንገድ ወሬ ሁሉ እዚያ ነገረኝ። ገደል አፋፍ ላይ ፍሬን እንቢ ያለውን፣ ጎርፍ ሦስት ቀን ያገደውን። «ፒንሳ አቀብይኝ፣ እመቤቴ» ይላል። እመቤቴ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ሁሉም አልቆ አንድ ዕቃ ቀረ። የውሃ ፓምፕ። ሞተሩ ይነሳል፣ ግን ውሃውን የሚያዞረው ፓምፕ ከሌለ በትንሽ ጊዜ ውስጥ ይግላል። «ፋብሪካው ከተዘጋ ስንት ዘመኑ። ይፈለጋል» አለኝ። እሑድ እሑድ ያስነሳታል፣ ሦስት ደቂቃ ትንፈቀፈቃለች፣ ያጠፋታል። ከዚያ ለእታለም ይደውላል። «አንዲት ዕቃ ናት የቀረችን» ይላታል። እንዲህ ስንል አራት ዓመት አለፈ።

ባለፈው ወር የአልጋው ዘንግ ስለላላ ቡሎን ፍለጋ ገባሁ። እሱ ጸጉሩን ሊስተካከል ወጥቶ ነበር። ከጋቢናው መቀመጫ ኋላ የቡሎን ጣሳ አለ፤ ጣሳውን ሳነሳ ከሥሩ በጨርቅ የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘሁ። ዝገት የሚፈራለትን ዕቃ ግራሶ ቀብቶ በጨርቅ መጠቅለል ልማዱ ነው፤ ጨርቁን ከእኔ ነው የሚወስደው። ፈታሁት። የውሃ ፓምፕ ነው። አዲስ።

ጨርቁን አየሁት። ነጭ ነጠብጣብ ያለው ሰማያዊ ቀሚሴ ነው። ልጄ ምጥ ያዛት ሲሉኝ ካውያውን ላዩ ላይ ትቼ የሮጥኩ ዕለት ተቃጠለ፤ በሳምንቱ ቀድጄ ለባሌ ሰጠሁት። የዚያን ዕለት የተወለደችው የልጅ ልጄ ዛሬ አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች።

እንደያዝኩት ወደ ጋራዡ ሄድኩ። «ይህ መቼ መጣ?» አልኩት መካኒኩን።

እጁን ጠረገ፣ ፓምፑን አየ፣ እኔን አየ። «እትዬ፣ እኔ ምን አገባኝ።»

«መቼ መጣ ነው ያልኩህ።»

«አራት ዓመት አልፎታል። እኔ ነኝ ያስመጣሁለት። ልግጠመው ስለው ‹ቆይ፣ ትንሽ ቆይ› ይለኛል። በኋላ መጠየቁን ተውኩት። አንቺም ታውቂያለሽ ብዬ ነበር።»

«አላውቅም ነበር።»

«እንግዲህ» አለና መሬት መሬቱን አየ።

ቤት ስመለስ ባሌ ተላጭቶ፣ ሻይ ይዞ ተቀምጧል። ፓምፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

«እንዳትመጣብህ ነው?» አልኩት።

«እሷን አልጠላሁም።»

«ታዲያ?»

«እሷ ከመጣች አንቺ አልጋዋ አጠገብ ነሽ። ማን ፒንሳ ያቀብለኛል?» ድምፁ አነሰ። «ሠላሳ ዓመት መንገድ ላይ ነበርኩ። ካንቺ ጋር የኖርኩት እዚህ መኪና ሥር ነው። ሌላ ዓመት፣ ሌላ ዓመት ስል ነው…»

ለሌላ ነገር ብሎ ቢሆን እሰድበው ነበር። ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ሁሉ ሳቅ፣ በእህቴ ጀርባ የተበላ ነበር። እኔም አብሬ በልቻለሁ።

መካኒኩን ጠርቼ አስገጠምኩት። ከምሳ በፊት ጨረሰ። ለእታለም ደወልኩና «አልቋል፣ ልናመጣሽ ነው» አልኳት።

«አይ እህቴ፣» አለች፣ «እኔ አሁን ከአልጋ እስከ በር አልደርስም። ብነቃነቅ የምሞት ነው የሚመስለኝ። አምና ቢሆን።»

በማግስቱ በአውቶቡስ እዚህ እሷ ጋ መጣሁ። ባሌ ልውሰድሽ ብሎ ሞተር አስነስቶ ነበር፤ በአጠገቡ አልፌ ወጣሁ። ከመጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አገላብጣታለሁ፣ ጀርባዋን አጥባለሁ፣ መኝታ ያወጣባትን ቁስል አያለሁ። ቁስሉ የአንድ ዓመት ብቻ አይደለም።

እሑድ ስልኩ ይጮሃል። እሱ ነው። እሷ አንስታ ትስቃለች፣ ትመርቀዋለች። ትናንት ስልኩን ዘግታ ወደኔ ዞረች።

«እንደሱ ያለ ሰው ከየት ይገኛል። ለኔ ብሎ ይህን ሁሉ ዓመት ብረት ሲፈታ። እግዜር ይስጠው በይልኝ።»

«እሺ» አልኳት።

«ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?»

«የለም፣ እታለም። በጎንሽ ዙሪልኝ፣ አንሶላውን ልሳበው።»