ሽማግሌ ይዤ የሄድሁ ዕለት

ወረቀቷን ያመጣችልኝ ልጄ ራሷ ናት። ከሰል በማዳበሪያ ስሞላ ነበርና እጄ ጥቁር ስለሆነ በሁለት ጣቴ ጫፍ ያዝኋት። እኔ ትምህርት ያቋረጥሁት ሦስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀምሁ ነው የማነብ። «በልጅዎ ጉዳይ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት አማካሪ መምህርት ቢሮ እንዲገኙ» ይላል። ከታች ማኅተም አለው። ማኅተሙን ሳይ ከሰሉን ትቼ ተነሳሁ።

«ምን አጠፋሽ?» አልኋት።

«ምንም።»

«ምንም ያላጠፋች ልጅ እናቷ ትጠራለች?»

ትከሻዋን ሰበቅ አድርጋ ገባች።

ሰባተኛ ክፍል ናት። ከፋሲካ ወዲህ ልጄ ሌላ ሰው ሆናብኝ ነበር። የቋጠርሁላት ምሳ ግማሹ ሳይነካ ይመለሳል። ክፍል ውስጥ ከሁሉ ቀድማ እጇን ታወጣ የነበረች፣ አሁን ስሟ ሲጠራ «አቤት» ማለት እንኳ ይከብዳታል አሉኝ። የሒሳብ ፈተና ወረቀቷ ላይ ስሟን ብቻ ጽፋ መልሳለች። ስጠይቃት «ደህና ነኝ» ናት፤ ደግሜ ስጠይቃት ጭራሽ መልስ የለም። አባቷ ጫግኒ እህል ጫኝና አውራጅ ነው፤ በወር አንዴ ነው የሚመጣ። ኔትወርክ ባገኘሁ ቀን ብደውልለት «ልጅ አይደለች፣ ይተዋታል» አለኝ። እኔ ግን እንዳልተዋት አየሁ። አንድ ሰው ነክቷት ይሆን? ታማ ይሆን? ከእነ ዝምታዋ አንድ ቀን ከእጄ ትወጣብኝ ይሆን? ከጠዋት እስከ ማታ የማስበው ይህንኑ ነበር።

እኔ ያደግሁት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። እዚያ ለነገር የተጠራ ሰው ብቻውን አይሄድም። ከሳሹን ባያውቀው እንኳ ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል፤ ሽማግሌው ይናገርለታል፣ ቁጣውን ያበርድለታል። ብቻዋን የምትቆም ሴት ሰው የላትም ይባላል። በዚያ ላይ ማኅተም ያለው ወረቀት ነው። አማካሪ የምትባለው መምህርት ምን እንደምትሠራ አላውቅም ነበር፤ የምትቀጣ፣ ሲብስም የምታባርር መስሎኝ ነው። ሌሊቱን ሳስብ አድሬ በማግስቱ የባሌን አጎትና አንድ ጎረቤታችን የሆኑ ሽማግሌ ለመንሁ። ሁለቱም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡልኝ። ባጃጅ ተኮናትሬ ይዣቸው ስሄድ፣ እውነቴን ነው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ልቤ ትንሽ ሞላ ብሎኝ ነበር።

ቢሮዋ ቢሮ አይደለም። የስፖርት ዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል ግማሹን በሸራ ከልለው የሰጧት ነው። አንድ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አለው፤ ከሸራው ሥር የተነፈሰ ኳስ ይታያል። መምህርቷ ወጣት ናት፣ የታናሽ እህቴ እኩያ ብትሆን ነው። ሽማግሎቹን ስታይ ብድግ አለችና ወንበሮቹን ለእነሱ ለቀቀች።

«እናቴ፣ እኔ እኮ እርስዎን ብቻ ነበር የጠራሁ» አለችኝ ቀስ ብላ።

የባሌ አጎት ሰምተዋል። «ምን ችግር አለ ልጄ? የልጅ ነገር የሁላችን ነው። እኛ መጥተን የማይበርድ ጠብ የለም።»

«ጠብ አይደለም፣ አባቴ።»

«ጠብ ካልሆነማ ቶሎ እንጨርሳለን!» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ይህን ጊዜ ልጄ ከክፍል ተጠርታ መጣች። በሩ ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ሽማግሎቹን አየች፣ ከዚያ መምህርቷን አየች። ወደ መምህርቷ ያየችው አስተያየት «ነገርሽብኝ ማለት ነው?» የሚል ነበር። ያን ዕለት አልገባኝም።

«ነይ፣ ግቢ» አሏት የባሌ አጎት። «ልጅ ሆኖ ያላጠፋ ማን አለ? አንቺ ይቅርታ ትያለሽ፣ መምህርትሽ ይቅር ትላለች፣ እኛ እንመርቃለን፣ አለቀ።»

«አባቴ፣ ትንሽ ይቆዩኝ፣ እሷ ምንም...» ብላ ጀመረች መምህርቷ።

እጃቸውን ከፍ አደረጉ። ሽማግሌ እጁን ከፍ ካደረገ ማን ይናገራል? እሷም ያደገችው በዚሁ አገር ነው። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። ምን ልሁን እያለችኝ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? በአገጬ ወደ ሽማግሎቹ ጠቆምኋት። ሂጂ ሳሚ ማለቴ ነው።

ጎንበስ ብላ የሁለቱንም ጉልበት ሳመች። «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አለች። ድምጿ ጥርት ያለ ነበር። ከፋሲካ ወዲህ ከአፏ ሲወጣ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ይኸው ነው። ሽማግሎቹ እጃቸውን ዘርግተው መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥለው በአገውኛ መረቋት። እኔ «አሜን» አልሁ። ደስ ብሎኝ ነው ያልሁት።

ሽማግሎቹ ወጥተው፣ ልጄም ወደ ክፍሏ ተመልሳ፣ መምህርቷ እኔን እጄን ይዛ አስቀረችኝ። ወንበር ላይ አስቀመጠችኝና ራሷም ተቀመጠች።

«እናቴ፣ ይቅርታ ያስጠየቋት ስለ ምኑ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ? ጥፋቷ ያለው እርስዎ ዘንድ አይደል?»

«ምንም አላጠፋችም። አንድም ነገር።»

«ታዲያ ለምን በማኅተም ጠሩኝ?»

«ማኅተም ከሌለው ወላጅ አይመጣልኝም» አለች፤ ፊቷ ቀላ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ እዚህ ወንበር ላይ ዝም ብላ ስትቀመጥ እኔም ዝም ብዬ አብሬያት ተቀመጥሁ። ባለፈው ማክሰኞ ነው ገና አንድ ነገር የነገረችኝ። እርስዎን የጠራሁ ቤት ስትገባ እንዴት እንደምትሆን፣ እንቅልፏን፣ ምግቧን ልጠይቅዎት ነበር። የእኔ ሥራ መቅጣት አይደለም።»

እኔ ከዚህ ሁሉ የሰማሁት አንዱን ብቻ ነው። «ምን አለችዎት?»

«እሱን አልነግርዎትም። አደራ ብላኛለች።»

«እኔ እናቷ ነኝ!»

«ያሉት ትክክል ነው። ሕይወቷን የሚያሰጋ ነገር ቢሆን ዛሬውኑ እነግርዎት ነበር፤ ለእሷም ገና ስንጀምር ይህንኑ ነግሬያታለሁ። እስካሁን እዚያ የሚያደርስ አልሰማሁም። ከዚህ አልፌ ከተናገርሁ ግን ሁለተኛ ለማንም አትናገርም።»

«አምጬ የወለድሁ እኔ፣ የልጄን ምስጢር የሚይዙ እርስዎ?»

አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «ቤት ስትደርሱ አይጠይቋት። ዝም ብለው አጠገቧ ይሁኑ» ብቻ አለችኝ።

ከዚያች ሐሙስ በኋላ ልጄ ወደዚያ ክፍል መግባት ተወች። መምህርቷ ሌላም ትምህርት ታስተምራለች፣ ለዚያ ሁሉ ተማሪ ያለችው አማካሪም እሷ ብቻ ናት፤ እንዲያም ሆኖ ማክሰኞና ሐሙስ በዚያችው ሰዓት በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቃታለች። ልጄ በበሩ ፊት ለፊት ታልፋለች፤ ዘወር ብላ አታይም። ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው፤ ሥራዬን እየጣልሁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ መቀመጥ ጀምሬ ነበር። ዘበኛው ለመዱኝ።

«እናት፣ ሰባተኛ ክፍል ልትመዘገቢ ነው?» ይሉኛል። «ዩኒፎርም ይሰፋልሽ?»

አንድ ቀን መምህርቷ ስትወጣ ተከትዬ ለመንኋት። «ግድ ብለው ያስገቧት። እርስዎን ትሰማለች።»

«በግድ ስትናገር አንዴ አይተናታል፣ እናቴ» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። መሬቱን እያየሁ ተመለስሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰል ስንሞላ፣ እሷ የማዳበሪያውን አፍ ይዛልኝ፣ እኔ በአካፋ ስጨምር፣ ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

«እማ፣ ያን ቀን ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የጠየቅሁ?»

አካፋው እጄ ላይ ቀረ። ስንት ሌሊት ያሰብሁት ነገር ነው፣ ግን ከአፏ ስሰማው ሌላ ሆነብኝ።

«ምንም አላጠፋሽም» አልኋት። «እኔ ፈርቼ ነው። ማኅተሙን አይቼ ፈርቼ።»

«ምንም እንዳላጠፋሁ ሽማግሎቹ ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«ታዲያ ንገሪያቸው።»

ማዳበሪያውን አሥራ ገባች። የጠየቀችኝ ይህ ብቻ ነው። እሷ አታውቀውም እንጂ ከባድ ነገር ነው የጠየቀችኝ። ሽማግሌ አስታርቆ የመረቀውን ነገር መልሶ ማንሳት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ሽማግሌውን ውሸታም ማለት ነው። ነገ ሰው ቢሞትብኝ፣ ከጎረቤት ብጣላ፣ ማን ይቆምልኛል?

ሰኞ ሄድሁ። የባሌ አጎት ከሰል የሚሆነውን ዲከረንስ የምንለውን ዛፋቸውን ቆርጠው ይከምሩ ነበር። ቆሜ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ። ከዚያ እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው። ልጅቱ አላጠፋችም፣ የተሳሳትሁ እኔ ነኝ፣ ጉልበት ያሳምኋት በከንቱ ነው አልሁ።

«ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትይ?» አሉ።

«እርስዎ አንዴ ቢጠሯትና አላጠፋሽም ቢሏት፣ አባቴ።»

ሳቁ። «ትምህርት ቤቱ እርቃችን አልበቃውም? ማኅተም ልምታበት?»

«ትምህርት ቤቱ አይደለም። ልጅቱ ናት።»

ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ። «ስሚ ልጄ። በአፏ አጥፍቻለሁ ብላለች፣ ሰምተናል። ተመርቃለች፣ አንቺም አሜን ብለሻል። የተመረቀ ነገር ልቆፍርልሽ? ደግሞስ ልጅ ሽማግሌ ፊት ቀርባ ትመረምር ትፈርድ ጀመረች?» መጥረቢያቸውን አነሱ። «ሂጂ፣ ልጅሽን አብያት። ከስታለች አሉ።»

መናገር እፈልግ ነበር፤ ፈራሁ። እንጨቱ ሲሰነጠቅ ከኋላዬ እየሰማሁ ቁልቁል ወረድሁ።

ልጄ ደጅ ላይ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። የት እንደሄድሁ ገብቷታል።

«ነገርሻቸው?»

«ነገርኋቸው።»

«ምን አሉ?»

ውሸት መጣልኝ። «ይቅር ብለውሻል»፣ «አዝነዋል»፣ እንዲህ ያለ ነገር ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። አልቻልሁም። «አልቀበል አሉኝ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። ተናደደች ልበል፣ አዘነችልኝ ልበል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከዚያ ሸሚዙን ጨምቃ ገመዱ ላይ ሰቀለችውና ወደ ውስጥ ገባች።

በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት አልሄድሁም፤ አፈርሁ። ሐሙስ ግን መቀመጥ አልቻልሁምና ሄድሁ። በዚያች ሰዓት የዚያ ክፍል በር ገርበብ አላለም፣ ተዘግቷል። ዘበኛው ዛሬ አልቀለዱብኝም። «ልጅሽ ገብታለች» አሉኝ። «ማክሰኞም ገብታ ነበር።»

ደወል እስኪደወል ቆምሁ። ልጄ ወጥታ በሌላ በኩል ወደ ክፍሏ ሄደች፤ አላየችኝም። መምህርቷ ግን አየችኝና መጣች።

«ተናገረች?» አልኋት።

የበሩን ቁልፍ ኪሷ ከተተች።

«እሺ፣ ምን እንዳለች አልጠይቅዎትም። ተናግራለች ወይስ አልተናገረችም፣ እሱን ብቻ።»

«እናቴ፣ እሱንም ለእሷ ልተውላት» አለችኝ፤ እጄን ጨበጥ አድርጋ ወደ ክፍል ሄደች።

እነሆ እስከ ዛሬ የማውቀው ይህን ያህል ነው። ማክሰኞና ሐሙስ ትገባለች። በሩ ይዘጋል። ልጄን ምን እንደነካት፣ ምን እንደምትል፣ እኔን ምን ብላ እንደምታማኝ አላውቅም። ምሳ ዕቃዋን ስትመልስልኝ ክዳኑን ከመክፈቴ በፊት በእጄ አመዛዝነዋለሁ። ትናንት አሁንም ግማሹ ነበረበት።