በጧፍ የተወተፈችው ጀልባ

ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው። እስከዚያ ድረስ እናትም ቤተ ክርስቲያን አትገባም። በጣሊያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ ያን ቀን ስጠብቅ፣ ክርስትና የምነሣው እኔ ራሴ እመስል ነበር። ከካህናቱ ፊት ቆሞ ቅዳሴ መስማት እንዲያ እንደሚናፍቅ ከዚያ በፊት አላውቅም።

እኔ የጎንደር ከተማ ልጅ ነኝ። ባሌ የሐይቅ ሰው ስለሆነ ከጎርጎራ ወዲህ ካለው የጣና ዳር ይዞኝ ወረደ። ጦርነቱ ሲመጣ የደብራችን ካህናት ታቦቱን ይዘው ማዶ ወዳለችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ተሻግረዋል። እዚያ በበጋ ዳር ዳሩን በእግር ዞሮ ይደረሳል። በክረምት ግን ረግረጉ ሰው ይውጣል፤ ያለ ታንኳ አይሞከርም። የልጄ ሰማንያ ደግሞ ክረምት ላይ ዋለ።

ምጥ በጠናብኝ ጊዜ ለእመቤታችን በቁመቴ ልክ ጧፍ ተስዬ ነበር። በሰላም ተገላገልኩ። በአራስነቴ ጥጡን ራሴ ፈተልኩ። ሰሙን እናቴ ከጎንደር ቅዳሜ ገበያ ገዝታ ላከችልኝ። ባሌ ግድግዳ አስደግፎ ከራሴ እስከ እግሬ ለካኝ፤ እኔም ፈትሉን በቀለጠው ሰም ነክሬ፣ አድርቄ፣ ጠቅልዬ በነጭ ጨርቅ አስቀመጥኩት። ከዚያ የቀረኝ መሻገር ብቻ ነበር።

የባሌ አባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀዝፉ የኖሩት ከሐይቁ ዳር ሣር፣ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ነው። የዚያን ክረምት ግን ታንኳቸው በስብሳ አዲስ ገና አልታሰረም። የጎረቤት ታንኳ እንዳንዋስ ጠባብ ነው። ክርስትና እናት እንዲሆኑ የተለመኑት የእናቴ የማኅበር ጓደኛ ከጎንደር በማኪና፣ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጠው መጥተዋል፤ እርሳቸው ብቻቸውን አንድ ታንኳ ይሞላሉ። ይህን የሚሉት ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ የቀረችን የጣሊያኖቹ ጀልባ ነበረች። እንደተቀጠቀጠ ድስት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለች፣ ያረጀች ጀልባ ናት። አሉሚኒየም የሚባለውን ቃል የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ እኛ የቆርቆሮዋ እንላት ነበር። ባሌ ወደቡ ላይ በቀን ሥራ ሲውል ከደንገሉ መሐል ተጥላ አያትና አለቃውን ለመነው። አለቃው በእጅ ምልክት ውሰዳት አለው። ከኋላዋ፣ ከወለሏ አጠገብ፣ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ነበራት። ጣሊያኖቹ ቀዳዳውን በሚጠመዘዝ የነሐስ ውታፍ ይዘጉታል፤ ከውሃ ሲያወጧት ደግሞ ከፍተው ውሃዋን ያንጠፈጥፉበታል።

የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ጥምቀቱ ከቅዳሴ በፊት ነው፤ ልጅቱም በዚያው ቅዳሴ ትቆርባለች። ከዘገየን ሰማንያዋ አለፈ ማለት ነው። ባሌ ቀዛፊ ሆነ፤ አባቱ ከፊት፣ ክርስትና እናቲቱ ከኋላ ተቀመጡ። እኔ ልጄንና ጧፉን ታቅፌ መሐል ሆንኩ። ደንገሉን አልፈን ትንሽ እንደሄድን ክርስትና እናቲቱ እግራቸውን ሰበሰቡ።

"አያ፣ ውሃ ገባ" አሉ።

የባሌ አባት ዘወር እንኳ አላሉም። "ታንኳ ውሃ ይጠጣል እንጂ አይሰጥምም። ዝም ብለው ይቀመጡ" አሉ።

እውነታቸውን ነው፤ በደንገል እንዲያ ነው። ውሃው ከታች በደንገሉ መሐል ይገባል፣ ይወጣል፤ ደንገሉ ግን ይንሳፈፋል። ሰውየው እግራቸው ሳይርስ ሐይቅ ተሻግረው አያውቁም። እኔም የከተማ ልጅ ነኝ፤ እርሳቸው ካልፈሩ ምን እፈራለሁ ብዬ ልጄን ከፍ አደረግኋት።

ውሃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ ክርስትና እናቲቱ እንደገና ተናገሩ። "አያ፣ ይቺ ታንኳዎ ጥማቷ በዛ።"

ያኔ ባሌ መቅዘፉን አቁሞ ወደ ኋላ አየ። ውታፉ የለም። አባቱን ቢጠይቃቸው ሳይደባብቁ ነገሩት። ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ምነው ይደፈናል ብለው ነሐሱን ፈትተውታል። ክብደቱን ሲያዩት ደግሞ ለመረብ ማስመጫ ሸጋ ሆኖ አገኙት። መረቡን ከነውታፉ ጉማሬ ቀዶ ወስዶታል።

ክርስትና እናቲቱ ነጠላቸውን ሰብስበው ተረከዛቸውን ቀዳዳው ላይ ተከሉ። በዚያች ተረከዝ ወደ ተነሣንበት ዳር ተመለስን።

ባሌ ከአሮጌ የዶማ እጀታ ውታፍ ጠረበ። ቀዳዳው ውስጡ የጥምዝ ጥርስ ስላለው በእንጨቱና በጥርሱ መሐል ውሃ ይገባል። ጠንክሮ እንዳይመታው ቆርቆሮዋ ስስ ናት፤ ትሰነጠቃለች። የባሌ አባት የጋቢያቸውን ጫፍ ቀደው ሰጡት። በጨርቁ ቢጠቀልለውም እንባ እንባ እያለ ያልፋል። ፀሐይ ወጣ። ከማዶ የመጀመሪያው ደወል ተሰማ። የባሌ አባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው መሬት መሬት ያያሉ። እኔም ልጄን አጥብቄ ይዤ ዛሬም ቤተ ክርስቲያን ላልገባ ነው አልኩ።

ክርስትና እናቲቱ ወደ ጭኔ ያያሉ።

"ልጄ፣ እሱ የያዝሽው ጥጥና ሰም አይደለም እንዴ?"

ጧፉን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። "የስለቴ ነው። ከቁመቴ ካነሰ ስለቴ ጎደለ" አልኳቸው።

"ከጉልበትሽ በታች ያለውን ቁረጪ። እመቤታችን ከራስሽ እስከ ጉልበትሽ ድረስ ትቀበልሻለች። ቤቷ ካልደረስሽ ግን ሙሉሽንም አታገኝም።"

ቆምኩላቸው፤ ዝቅ ብለው ከመሬት እስከ ጉልበቴ ለኩና ባሌ በቢላዋው ቆረጠው። በጠዋቱ ብርድ ሰሙ ደርቆ አልጠመዘዝ አለ። ነጠላዬ ውስጥ ከልጄ ጎን አኖርኩት። እሷ ተኝታለች፤ ሰሙ በሙቀቷ ላላ። ባሌ እንጨቱ ላይ አጥብቆ ጠመጠመውና እያዞረ አስገባው። ሰሙ በጥርሶቹ መሐል ሞላ። ውሃውን በቅል ቀድተን አፈሰስን፤ ወለሉን በጨርቅ አደረቅን፤ ገፍተን ገባን። ቆየን፤ አየን። ጠብታ አላለፈም።

የባሌ አባት አሁን ከፊት አልተቀመጡም። ከኋላ፣ ከውታፉ አጠገብ ሆነው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ተሻገሩ። ክርስትና እናቲቱ ግን አልተዉአቸውም።

"አያ፣ ምነው ዝም አሉ? እርስዎንም ጠማዎት?"

የባሌ አባት ያን ጊዜ ሳቁ። እኛም ከዚያ በኋላ ሳቅን፤ ቀድመን መሳቅ ነውር ነበር።

ካህናቱ ውሃውን ባርከው ሊያጠምቁ ሲሉ ደረስን። ልጄ ቀዝቃዛው ውሃ ሲነካት ደብሩን የሚሞላ ጩኸት ጮኸች፤ ደስ አለኝ። ማተቧን አሰሩላት። ከዚያ እኔም ገባሁ። የሴቶቹ መቆሚያ ጋ ስደርስ ግድግዳውን ተሳልሜ ሳልነሣ ቆየሁ።

ጧፉን ስሰጥ አስተዳዳሪው ቄስ ዘርግተው አዩት፤ ቀና ብለው እኔን አዩ። ቁመቱ የማን እንደሆነ ጠየቁኝ። አፈርኩ። የእኔ እንደሆነ፣ ከጉልበቴ በታች ያለው ግን ጀልባዋ ላይ እንደቀረ ነገርኳቸው። ነገሩን ከሥሩ ሲሰሙ በመስቀላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

"እንግዲያ በእግርሽ መጣሽ በይኛ" አሉ። "ሥራውን ሲጨርስ እሱንም አምጪው።"

ስንመለስም ያ ውታፍ ያዘልን። ክረምቱን ሙሉ ያዘ። የመንደሩን ሰው ለቅዳሴም፣ ለቀብርም በእርሱ አሻገርን፤ ለሁሉም ስሙ ይክበር።

በጋ ሲሆን ባሌ ከወደቡ የሚጠመዘዝ የብረት ውታፍ አገኘ። እኔም የጧፉን ቁራጭ ከእንጨቱ ፈትቼ፣ አጥቤ፣ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ልጄን አዝዬ ከባሌ አባት ጋር ዳር ዳሩን በእግር ወደ እመቤታችን ሄድን። ቁራጩ ሲለኮስ ጠሽ ጠሽ አለ እንጂ አልያዘም።

"ጧፍም ውሃ ይጠጣል" አሉ የባሌ አባት ቀስ ብለው።

ከዚያ ያዘ።